መዓዛ አሸናፊ፦ በችሎትና በጥብቅና መካከል

መዓዛ አሸናፊ የኢትዮጵያን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ1956 ዓ.ም. አሶሳ ተወለዱ፤ በ1978 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በከፍተኛው ፍርድ ቤት የወንጀል ዳኛ ሆነው ከሠሩ በኋላ ለሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽን በሴቶች መብት ላይ የሕግ አማካሪ ሆኑ።

ስማቸው የገነነው ግን ከዳኝነቱ ወንበር ከወረዱ በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ጥብቅና ይቆም ነበር። ከያዛቸው ጉዳዮች ሁሉ የታወቀው በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ክስ ነው። ልጅቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች፤ ታሪኩም በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለው ፊልም ቀረበ።

ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱን ያስቀር ነበር። በሽማግሌና በዘመድ ግፊት የተገኘ «ፈቃድ» ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ አገሬው ያውቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ማምለጫ ዘጋ።

በአማራ ክልል ለደጀን፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ግን ከጠለፋው ይልቅ የሚቀርበው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። ማኅበሩ ከጎተጎተባቸው ለውጦች አንዱ የሆነው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በራሱ ሕግ ይህንኑ ደነገገ። ልማዱ ግን የሕጉን ያህል አልፈጠነም።

መዓዛ ከዚያ በኋላ እናት ባንክን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማቸው። በዘመናቸው የዳኝነት አስተዳደርና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጆች በ2013 ዓ.ም. ወጡ። ሁለቱም ክብደት ያላቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም ተራዋ ሴት የምታስታውሳቸው ይበልጥ በጠበቃነታቸው ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ከኃላፊነታቸው ሲለቁ በቦታቸው ቴዎድሮስ ምሕረት ተተኩ።