ስለ አረብ ብረት ቀለም ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ እንዲሆኑ በሠላሳ ትናንሽ የማይዝግ ብረት ሰሌዳዎች ላይ ዓርማችንን በሰማያዊ ለማስቀረጽ፣ ከወላጆች የተዋጣውን ገንዘብ ይዘን ወደ አንድ የብረት ሥራ ቤት ሄደን ነበር። ሥራው የሚሠራው ፋይበር ሌዘር በሚባለው መሣሪያ ነው። ዐሥራ አምስቱ ሰሌዳዎች እንደ ተመኘነው ሰማያዊ ሆነው ወጡ፤ የቀሩት ግን ከፊሉ ቡናማ ከፊሉ ሐምራዊ ሆኑ። በመሣሪያው ላይ የተሞላው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ቀለሙ መለያየቱ አስገረመን፤ ገንዘቡም የሰው ገንዘብ ነበርና አሳሰበን። ስለዚህ የነገሩን ምክንያት ከመሠረቱ ለመመርመር ተነሣን።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ሰማያዊ የተቀባ ቀለም አይደለም። ብረት ሲግል በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ገጹ እጅግ ስስ በሆነ ቆዳ ይሸፈናል፤ ቀለሙም የሚመጣው ከዚህ ቆዳ ነው። ይህንንም አንጥረኞች ከሌዘር በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ያውቁት ነበር። አረብ ብረት ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ዳሩ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ገጹን ወልውለው እንደ ገና በቀስታ ያሞቁታል። በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ በ260 ቡናማ፣ በ280 ሐምራዊ፣ በ300 ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ምላጭ የሚሠራው ሰው በቢጫው ላይ ያቆማል፤ የሰዓት ሞላ የሚሠራው ግን ሰማያዊውን ይጠብቃል። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን የሙቀት መለኪያቸው ዓይናቸው ነበር።

ሮበርት ሁክ የተባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ በ1665 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ማይክሮግራፊያ በተባለው መጽሐፉ፣ በጋለ አረብ ብረት ላይ የሚታየው ቀለም ከስስ ሽፋን የተነሣ መሆኑን ጽፏል። ከእርሱ በኋላ አይዛክ ኒውተን በ1704 ኦፕቲክስ በተሰኘው መጽሐፉ የስስ ነገሮችን ቀለም ከውፍረታቸው ጋር አገናኝቶ ለካ። ሆኖም ምክንያቱን የገለጠው ቶማስ ያንግ ነው። እርሱም በ1801 ብርሃን ማዕበል መሆኑን ሲያስረዳ፣ ከሽፋኑ ላይኛ ገጽና ከታችኛው ገጽ የሚመለሱት ሁለት ማዕበሎች ሲገናኙ አንዱን ቀለም እንደሚያጠነክሩ፣ ሌላውን እንደሚያጠፉ አመለከተ። እንግዲህ ውፍረቱ ከተለወጠ ቀለሙም ይለወጣል። ውፍረቱም የሚቆጠረው በናኖሜትር፣ ማለት በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ስሕተት ሰማያዊውን ሐምራዊ ለማድረግ ይበቃል።

የማይዝግ ብረትን ሃሪ ብሬርሊ በ1913 በሼፊልድ ከተማ ሠራ። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ገጹን ስለሚጠብቀው እነዚህን ቀለሞች ለማውጣት ከተራው አረብ ብረት የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሌዘር ደግሞ ቴዎዶር ማይማን ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. (ሜይ 16 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር አበራ። ወዲያውም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤልያስ ስኒትዘር የሌዘርን ብርሃን ከመስተዋት ክር ለማውጣት ቻለ፤ የዛሬው ፋይበር ሌዘር ከዚያ የተወለደ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። የጥንቱ አንጥረኛ ቀለሙን የሚመለከተው ሙቀቱን እንዲነግረው ነበር፤ እኛ ግን ሙቀቱን የምናዝዘው ቀለሙን እንዲሰጠን ነው። ይህም ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኖ አገኘነው። አንጥረኛው ቀለሙ ሲመጣ እያየ ብረቱን ከእሳት ያወጣል፤ መሣሪያው ግን አያይም፤ የታዘዘውን ኃይል፣ ፍጥነትና የምት ብዛት ብቻ ይፈጽማል።

ባለሙያውን ስንጠይቃቸው ሳይቈጡ ሰሌዳዎቹን ገለበጧቸው። ሁለተኛዎቹ ዐሥራ አምስት ከሌላ ሉህ የተቈረጡ፣ ከመጀመሪያዎቹም የወፈሩ ነበሩ። ወፍራም ብረት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚስበው ገጹ በሚገባ አልጋለም፤ ቆዳውም ስስ ሆኖ ቀረ። በአንዱ ላይ የጣታችን አሻራ እንኳ ጎልቶ ይታይ ነበር፤ እርሱስ የእኛው ጥፋት ነው። በፊደላቱ ጠባብ ማዕዘን ደግሞ ጨረሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለስ ሙቀቱ ተከማችቶ ቀለሙ አልፎ ሄዷል።

እሳቸውም ከወፍራሙ ሉህ በተረፈ ቍራጭ ላይ፣ ፍጥነቱንና የምቱን ብዛት በጥቂት በጥቂቱ እየለወጡ፣ ስድሳ አራት ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሠሩ። እኛም ከመጀመሪያው ሰሌዳ ጋር እያስተያየን የሚመሳሰለውን መረጥን። የተበላሹት በሌላ በኩላቸው በአልኮል ተወልውለው፣ የጨረሩ ትኩረት እንዳይዛነፍ በጠፍጣፋ ብረት ላይ አንድ ባንድ እየተኙ እንደ ገና ተቀረጹ።

ዛሬ ሠላሳውም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ፊት ለፊት ለሚያያቸው ሁሉም ሰማያዊ ናቸው፤ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ከጎን ለሚያያቸው ግን ጥቂት ወደ ሐምራዊ ያደላሉ።