ማዛመድ

ስለ መረጃ የሚነገረውን መረጃ የኮምፒውተር ሰዎች «ሜታዳታ» ይሉታል። በአንድ የምርመራ መዝገብ ላይ 126 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ የደም ስኳር መሆኑን፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር መለካቱን፣ ታማሚው ምግብ ሳይቀምስ ደሙ መወሰዱን የሚነግረን ሜታዳታው ነው። ሌላ ተቋም ያንኑ መጠን በሚሊሞል በሊትር 7 ብሎ ይመዘግበዋል፤ መግለጫውንም በራሱ ሞዴል ያዋቅረዋል።

የሁለቱን ተቋማት መግለጫዎች «ማዛመድ» የሚባለው ሥራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ይህ ከዚያ ጋር እኩል ነው» ብሎ ማያያዝ ይመስለዋል። ዝምድና ግን ደረጃ አለው። ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው «ስኮስ» የተባለ መስፈርት አምስት ዓይነት ያስቀምጣል፦ ፍጹም አቻ፣ የቅርብ አቻ፣ ሰፋ ያለ፣ ጠበብ ያለ እና እንዲሁ ተዛማጅ። «የደም ስኳር» ከ«በጾም የተለካ የደም ስኳር» ይሰፋል፤ አቻው አይደለም።

በእኔ ግምት የመስፈርቱ ብልህነት በሁለቱ አቻዎች መካከል ባኖረው ልዩነት ላይ ነው። ፍጹም አቻነት ይተላለፋል፦ ሀ ከለ፣ ለ ከሐ ጋር አቻ ከሆኑ ሀና ሐም አቻ ናቸው። የቅርብ አቻነት ግን ሆን ተብሎ እንዳይተላለፍ ተደርጓል፤ አለዚያ ትንንሽ ልዩነቶች እየተጠራቀሙ የማይገናኙትን ያገናኙ ነበር።

«አውል» በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ያለው «አንድ ነው» የሚለው ማያያዣ ደግሞ ከሁሉም ይጠነክራል። ሁለት መግለጫዎችን በእሱ ያሰረ ሰው የአንዱን አዘጋጅና የተመዘገበበትን ቀን ጭምር ለሌላው ያወርሰዋል።