የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ጉድጓዶች ቁጥጥርና የከርሰ ምድር ውኃ ደህንነት

የድሬዳዋ ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚገኘው ከከርሰ ምድር ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከዝናብ ወቅት ውጭ ደረቅ አሸዋ በመሆኑ፣ ነዋሪው የሚተማመነው በኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች ውስጥ በተጠራቀመው ውኃ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በከተማዋ በሚገኙ በርካታ የውኃ ጉድጓዶች ላይ በተለያዩ ጊዜያት የተካሄዱ ጥናቶች የናይትሬት መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በላይ መሆኑን አመልክተዋል። ለዚህም በዋና ምክንያትነት ከሚጠቀሱት መካከል የመጸዳጃ ቤት ጉድጓዶችና የፍሳሽ ማጠራቀሚያዎች ይገኙበታል።

ሴፕቲክ ታንክ ተብሎ የሚታወቀው ማጠራቀሚያ ወለሉና ግድግዳው ውኃ እንዳያሳልፍ ሆኖ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል ያለው ነው። ደረቁ ቆሻሻ ከታች ይዘቅጣል፤ ፈሳሹ ወደ ማስረጊያ ይወጣና በአፈር ውስጥ እየተጣራ ይሰርጋል። አፈሩ ብዙ ተሕዋስያንን የሚያስቀር ቢሆንም፣ በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ናይትሬት ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም። ከፍተኛ ናይትሬት ባለው ውኃ የተበጠበጠ ወተት የሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ሊቀንስ ይችላል።

ችግሩን የሚያባብሰው ሴፕቲክ ታንክ ተብለው ከተሠሩት መካከል ወለላቸው ያልተደፈነ መኖሩ ነው። ባለቤቱ ጉድጓዱ ለዓመታት ባለመሙላቱ ወጪ እንደቀነሰ ይቆጥረዋል። የማይሞላ ጉድጓድ ግን ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ከርሰ ምድር የሚለቅ ጉድጓድ ነው። ስንጥቅና ዋሻ በሚበዛበት የኖራ ድንጋይ መሬት ደግሞ ፍሳሹ በአጭር ጊዜ ሩቅ ሊደርስ ስለሚችል፣ በብዙ መመሪያዎች የሚጠቀሰው የ30 ሜትር ርቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በአገሪቱ ለቁጥጥሩ መሠረት የሆኑ ሕጎች ወጥተዋል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ቆሻሻን ወደ ውኃ ሀብት መልቀቅን ከፈቃድ ጋር አያይዞታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በበኩሉ የከተማ አስተዳደሮች የከተማ ቆሻሻ መሰብሰቡን፣ መጓጓዙንና በአግባቡ መወገዱን እንዲያረጋግጡ ደንግጓል።

ሕጎቹ ፍሬ የሚያፈሩት ቁጥጥሩ ከግንባታ በፊት ሲጀምር ነው። ይኸውም የጉድጓዱ ቦታ ከፈቃድ ጋር አብሮ ሲታይ፣ ወለሉና ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት ሲፈተሽ፣ በየጊዜው መመጠጡ ሲመዘገብ፣ ተሽከርካሪው ያነሳውን ዝቃጭ በተፈቀደለት ሥፍራ ብቻ እንዲደፋ ሲደረግና በመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች ዙሪያ የጥበቃ ክልል ሲከለል ነው። መምጠጫ የማይደርስባቸው መንደሮችና የመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ካልታሰቡ ግን ቁጥጥሩ ከወረቀት አያልፍም።

አንድ ጊዜ የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ለመጥራት አሥርተ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። በመሆኑም በአንድ ግቢ የሚቆፈር ጉድጓድ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያው ምንጭ የሚጠጣው የከተማው ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ ነው።