ስኪዞፍሬንያ፦ በልጅነት የሚታዩ ምልክቶችና ሕክምናው

ስኪዞፍሬንያ በአብዛኛው የሚጀምረው በጉርምስና ማብቂያና በወጣትነት ዕድሜ ነው። ተመራማሪዎች ግን ዱካውን እስከ ሕፃንነት ድረስ ተከትለዋል።

በብሪታንያ እአአ በ1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱና ዕድገታቸው ለዓመታት ከተመዘገበ ከ5,000 በላይ ልጆች መካከል 30ዎቹ ኋላ ላይ በዚህ ሕመም ተይዘዋል። በ1994 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው በአማካይ አንድ ወር ያህል ዘግይተው ነበር በእግራቸው መሄድ የጀመሩት። የንግግር ችግር ይበልጥ ይታይባቸው ነበር፤ በ4 እና በ6 ዓመታቸውም ብቻቸውን መጫወትን ያዘወትሩ ነበር። የታመሙት ቁጥር አነስተኛ መሆኑን ልብ ይሏል።

በመሆኑም ዘግይቶ የሄደ ወይም ብቸኝነት የሚወድ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ጤናማ ሆነው ያድጋሉ፤ በዚህ ምክንያት ብቻ መድኃኒት አይታዘዝላቸውም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ከልክ ያለፈ ጥርጣሬ፣ ከሰው መሸሽና የትምህርት ውጤት ማሽቆልቆል አብረው ሲታዩ ግን ሐኪም ማማከር ይገባል።

ሕመሙ ከ13 ዓመት በፊት መከሰቱ እጅግ ብርቅ ነው። ሲከሰት የሥነ አእምሮ መድኃኒት፣ የምክር አገልግሎትና የቤተሰብ ድጋፍ በጣምራ ይሰጣሉ። ሌሎች መድኃኒቶች ካልረዱ ክሎዛፒን ሊታዘዝ ይችላል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን ሊቀንስ ስለሚችል ተከታታይ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።