ከደጃፍ እስከ መማሪያ ክፍል፦ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመረብ መሣሪያ ድጎማ ታሪክ

በ1994 ከአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመቶው 35ቱ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው እንደ ነበር የአገሪቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል መዝግቧል። ይኸው መዝገብ ትምህርት ቤቶቹን ትቶ የመማሪያ ክፍሎችን ሲቈጥር ግን የተገናኙት ከመቶው 3 ብቻ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ርቀት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው፤ መስመሩ እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወይም እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ተማሪው እስከሚቀመጥበት ወንበር ያለውን ጥቂት ሜትር ለመሻገር ኬብል፣ ስዊች፣ ራውተርና ሰርቨር ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥቂት ሜትር የሸፈነው ገንዘብ ከየት እንደ መጣ፣ በምን ዓይነት ማመልከቻ እንደ ተጠየቀና ማመልከቻው ራሱ የመረቡን ቅርጽ እንዴት እንደ ወሰነ ማሳየት ነው።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። በ1934 የወጣው የአሜሪካ የመገናኛ ሕግ የስልክ አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ ለመላው ሕዝብ እንዲዳረስ ግብ አድርጎ ነበር። ለብዙ ዓመታትም የረጅም ርቀት ጥሪ ከፍተኛ ዋጋ ለአካባቢው ስልክና ለገጠሩ መስመር መደጎሚያ ሆኖ አገልግሏል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን የካቲት ወር 1996 በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የፈረሙት አዲሱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ይህንኑ ልማድ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተ መጻሕፍት አሸጋገረው። አንቀጹን ያስገቡት አራት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት፣ ኦሊምፒያ ስኖው፣ ጄይ ሮክፌለር፣ ጄምስ ኤክሰንና ቦብ ኬሪ ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ ክሊንተንና ምክትላቸው አል ጎር በካሊፎርኒያ ኮንኮርድ ከተማ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬብል ሲዘረጉ ታይተዋል። በዚያ ቅዳሜ በክፍለ ግዛቲቱ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። የሚያስመሰግን ተግባር ነበር። ሆኖም በበጎ ፈቃድ የተዘረጋ ኬብል ሰኞ ጠዋት ስዊቹ ቢቃጠል የሚተካ በጀት አልነበረውም።

በግንቦት 1997 የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን በሊቀ መንበሩ በሪድ ኸንት ዘመን ዝርዝር ደንቡን አወጣ። የድጎማው ጣሪያ በዓመት 2.25 ቢሊዮን ዶላር ሆነ፤ መርሐ ግብሩም ከጊዜ በኋላ «ኢ-ሬት» በሚል ስም ታወቀ። ገንዘቡ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚወጣ አልነበረም። የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያዎች ከገቢያቸው የሚያዋጡት ሲሆን፣ እነርሱም በተራቸው በደንበኞቻቸው የስልክ ደረሰኝ ላይ ያሳርፉታል። ትምህርት ቤቱም ቢሆን በእጁ የሚጨብጠው ገንዘብ የለም፤ የሚያገኘው በሚገዛው አገልግሎትና መሣሪያ ላይ ከመቶ 20 እስከ 90 የሚደርስ የዋጋ ቅናሽ ነው። ኮምፒዩተር፣ የመምህራን ሥልጠናና የሕንፃው የኤሌክትሪክ ሥራ ከድጎማው ውጪ ቀሩ። ከስልክ ኩባንያዎች ወገን ግን ከባድ ክርክር ተነሣ፤ የመገናኛ ሕግ እንዴት በሕንፃ ውስጥ ለሚተከል ስዊች ይከፍላል? ኮሚሽኑ መልስ ያገኘው በሕጉ ውስጥ ከነበረች አንዲት ቃል ነው። ሕጉ አገልግሎቱ እንዲደርስ ያዘዘው እስከ «መማሪያ ክፍሎች» ነው፤ ክፍል ደግሞ ያለ ውስጥ መስመር አይደረስበትም። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1999 ይህን ትርጕም አጸደቀ። በአንዲት ቃል ምክንያት ይህን ያህል ኬብል የተዘረጋበት ሌላ ሕግ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቅናሹ የሚለካበት መንገድ ለሙያችን እንግዳ ነበር። የሕንፃው ስፋት፣ የክፍሎቹ ብዛት ወይም የነበረው መሣሪያ ዕድሜ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ከ1946 ጀምሮ በሚሠራው የብሔራዊ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ መሠረት በነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ ለመመገብ የሚበቁ ተማሪዎች ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ ነው። በዚህ አገር ልጅ ያስተማረ የማኅበራችን አባል በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ከትምህርት ቤት የሚላከውን የምሳ ቅጽ ያውቀዋል። ከወላጆች ብዙዎቹ ይህ ወረቀት ስለ ሳንድዊችና ስለ ወተት ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ ኀፍረት ይዟቸው ሳይሞሉት የቀሩም አሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ የተሞላ ቅጽ በአንድ በኩል የልጁን ምሳ፣ በሌላ በኩል የትምህርት ቤቱን ራውተር ይወስን ነበር። በዚህ መለኪያ ከተማሪዎቹ 75 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ለምሳው የበቁለት ትምህርት ቤት 90 ከመቶ ቅናሽ ያገኛል። ከ50 እስከ 74 ከመቶ የሆነው 80 ያገኛል፤ ከዚያ በታች ላሉት መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ለገጠር ጥቂት ጭማሪ አለው።

የመጀመሪያው ዘመን ሁከት የበዛበት ነበር። ከ30,000 በላይ ማመልከቻዎች ጎረፉ፤ የተጠየቀው ድምር ወደ 2.02 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ተቃዋሚዎች መዋጮውን «የጎር ግብር» እያሉ በስልክ ከፋዩ ሕዝብ ፊት አሳጡት፤ ኮሚሽኑም በሰኔ 1998 የመጀመሪያውን አንድ ዓመት ተኩል መሰብሰቢያ ወደ 1.925 ቢሊዮን ዝቅ አደረገው። ሥራውን እንዲያካሂድ የተቋቋመው ልዩ ኮርፖሬሽንም ኮሚሽኑ ያለ ሥልጣኑ አቋቁሞታል ተብሎ ስለ ተተቸ በ1999 መግቢያ ዛሬም ድረስ መርሐ ግብሩን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሐደ።

ዋናው የታሪኩ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኮሚሽኑ ገንዘቡ ሁሉንም እንደማያዳርስ ሲረዳ ተራ አበጀ። በአንደኛ ተራ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ማለትም እስከ ሕንፃው የሚመጣው መስመር፣ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። የተረፈው ለሁለተኛው ተራ፣ ማለትም ለውስጥ መሣሪያ ሲሆን፣ እርሱም ከ90 ከመቶዎቹ ተጀምሮ ገንዘቡ እስኪያልቅ ወደ ታች ይወርዳል። በ2001ና በ2002 የተጠየቀው በየዓመቱ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ጣሪያው 2.25 ላይ ቆሞ ስለ ነበር፣ ገንዘቡ 80 ከመቶዎቹ ዘንድ ሳይደርስ ማለቅ ጀመረ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በሂሳብ እንየው። እያንዳንዳቸው 400 ተማሪዎች ያሏቸው ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል፤ ሁለቱም የ60,000 ዶላር የውስጥ መረብ ያስፈልጋቸዋል። በአንደኛው 300 ልጆች ለምሳው ይበቃሉ፤ በሁለተኛው 296። አንደኛው 75 ከመቶ ስለ ሆነ የ90 ቅናሽ አግኝቶ 6,000 ዶላር ይከፍላል። ሁለተኛው 74 ከመቶ ነው፤ በወረቀት ላይ የ80 ከመቶ ቅናሽ ባለ መብት ሆኖ ሳለ ተራው ስለማይደርስ 60,000 ዶላሩን ራሱ ይከፍላል፣ ወይም ያለ መረብ ይቀራል። በአራት ልጆች ምክንያት ወጪው ዐሥር እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ማንም መሐንዲስ የጭነት መጠን በአንድ ከመቶ ሲለወጥ የሚፈርስ ድልድይ ነድፎ አያስረክብም።

ማመልከቻውም የራሱ ጠባይ ነበረው። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ የቴክኖሎጂ ዕቅድ ያዘጋጅ ነበር። ቀጥሎ የሚፈልገውን በቅጽ 470 ገልጾ ያስመዘግባል፤ ይህም ለተጫራቾች ሁሉ ክፍት ሆኖ ቢያንስ 28 ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ዋጋን ቀዳሚ መመዘኛ አድርጎ አሸናፊውን ይመርጣል፣ ውል ይዋዋላል፣ ቅጽ 471 ሞልቶ በተወሰነው የጊዜ መስኮት ውስጥ ያስገባል። መርማሪዎች ጥያቄ ይልካሉ፤ ውሳኔውም በደብዳቤ ይደርሳል። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ይብታል፤ ደብዳቤው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። ቴክኒሻን ኬብል ሊዘረጋ የሚችለው ልጆቹ በሌሉበት በክረምት የዕረፍት ጊዜ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል።

ቅጹን የሚሞላው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የበለጠ ከባድ ሆነ። ትልቅ የትምህርት ወረዳ የራሱ መሐንዲስና ጠበቃ አለው። በትንሽ ወረዳ ውስጥ ግን ቅጹ የሚወድቀው በቤተ መጻሕፍት ኀላፊዋ ወይም ኮምፒዩተር ይወዳል በተባለ የሂሳብ መምህር ላይ ነው። ይህን ክፍተት የሞሉት አቅራቢዎቹ ናቸው፤ ዕቅዱን እነርሱ ይጽፉታል፣ ቅጹን ይሞሉታል፣ ኋላም ጨረታውን ያሸንፋሉ። ኮሚሽኑ በ2000 በቅጽ 470 ላይ የተጫራች ሠራተኛ የትምህርት ቤቱ ተጠሪ ሆኖ እንዳይመዘገብ የሚያግድ ውሳኔ ሰጠ። የሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ወረዳ የጨረታው ዋጋ ከመጠን በላይ መሆኑን ደርሶበት 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጎማ አልቀበልም አለ። ከዚህ ጋር ግንኙነት ባለው ምርመራም የኤን.ኢ.ሲ. ንዑስ ድርጅት በ2004 ጥፋተኛነቱን አምኖ በቅጣትና በካሳ በድምሩ 20.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በፖርቶ ሪኮም ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ከካርቶኑ ሳይወጣ በመጋዘን ተከማችቶ መገኘቱ በምክር ቤቱ ምርመራ ተሰማ።

የዚህ ሁሉ ሥር የሰው ክፋት ብቻ አይመስለኝም። ገዢው ከዋጋው ዐሥር ከመቶ ብቻ የሚከፍል ከሆነ ውድ መሣሪያ ስለማያስደነግጠው ርካሹን አይመርጥም። ለአንድ ሕንፃ የሚበቃ ስዊች በመግዛት ፈንታ ለመንደር የሚበቃ ይገዛል። በዚያ ላይ ሻጩ ያችኑ ዐሥር ከመቶ ከደንብ ውጪ በድብቅ ይተውለት ከነበረ፣ ዋጋ የሚባል ነገር ትርጕም አይኖረውም። የኮሚሽኑ የመጀመሪያ መልስ ገደብ ማብዛት ነበር። በ2003 የወጣውና ከ2005 ጀምሮ የጸናው ደንብ አንድ ትምህርት ቤት በአምስት ዓመት ውስጥ ለሁለት ዓመት ብቻ የውስጥ መሣሪያ እንዲጠይቅ ወሰነ። ለሥራ አጋጣሚ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የመሣሪያ ክፍል ስገባ የዚህን ደንብ አሻራ በመደርደሪያው ላይ አይቻለሁ፤ መሣሪያው እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ያህል ዘመኑን ይናገራል፣ ድጎማ በተገኘበት ዓመት የገባው በአንድ ላይ፣ ቀጥሎም ባዶ ዓመታት።

ገደቡ ሲበዛ ቅንም ሰው ይወድቅበታል። ፊርማ በማጓደል፣ ቀን በማሳለፍ ወይም አንድ መስመር ባዶ በመተው ማመልከቻቸው የተጣለባቸው ትምህርት ቤቶች ይግባኝ ሲያከማቹ፣ ኮሚሽኑ በግንቦት 2006 በኒው ኦርሊንስ በሚገኘው በቢሾፕ ፔሪ ትምህርት ቤት ስም በሚጠራው ውሳኔ 196 ይግባኞችን በአንድ ጊዜ ተቀበለ። የጽሕፈት ስሕተት ከማጭበርበር የተለየ መሆኑ በመርሐ ግብሩ በግልጽ የታመነው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህን ሁሉ ይዞም መርሐ ግብሩ ሥራ ሠርቷል። በ2005 ከመቶ የመማሪያ ክፍሎች 94ቱ ተገናኝተዋል። የሚያስገርመው ግን ግቡ በተመታበት ሰሞን ቴክኒኩ መለወጡ ነው። በአንድ ክፍል አንድ ሶኬት በቂ የነበረበት ጊዜ አልፎ ሠላሳ ልጆች በአንድ ጊዜ በዋይፋይ የሚጠቀሙበት ዘመን መጣ። ወደ ሕንፃው የሚመጣው መስመር ወጪ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ አንደኛው ተራ ጣሪያውን ሁሉ በላው፤ በ2013ና በ2014 የበጀት ዓመታት ለውስጥ መሣሪያ ለ90 ከመቶዎቹ እንኳ አንድም ሳንቲም አልተረፈም። ሰባት መቶ ልጆች የተማሩበት ትምህርት ቤት ደጃፉ ላይ ፈጣን መስመር ቆሞ በውስጡ ዋይፋይ ሊያጣ ይችል ነበር፤ ችግሩ ወደ 1994ቱ ቦታ ተመልሶ መጣ።

በ2014 በሊቀ መንበር ቶም ዊለር ዘመን የወጡት ሁለት ውሳኔዎች ሂሳቡን ከሥሩ ለወጡት። የሁለት ዓመቱ ገደብ ተነሣ፤ ለመደበኛ ስልክ የሚሰጠው ቅናሽ በየዓመቱ እየተቀነሰ እንዲጠፋ ተደረገ፤ ጣሪያው ወደ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ለውስጥ መረብም ውድድሩ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአምስት ዓመት ውስጥ በተማሪ 150 ዶላር የሚሆን የወጪ መጠን ተመደበ፤ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ከፍተኛው ቅናሽም ከ90 ወደ 85 ዝቅ አለ። እነዚያን ሁለት ትምህርት ቤቶች መልሰን እንውሰድ። 400 ተማሪ በ150 ሲባዛ ያው 60,000 ዶላር ነው። 300 ልጆች ለምሳው የበቁለት 9,000 ዶላር ይከፍላል፤ 296 የበቁለት 12,000። ገደሉ ደረጃ ሆነ። የገዢው ድርሻ ከዐሥር ወደ ዐሥራ አምስት ከመቶ ማደጉም ዋጋ የማወዳደሩን ልማድ እንደሚያበረታታ ታምኖበት የተደረገ ነው። በ2019 ኮሚሽኑ ይህን አሠራር ቋሚ አድርጎ በተማሪ የሚመደበውን ወደ 167 ዶላር አሳደገው፤ ይህም ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

ያልተነካው የገንዘቡ ምንጭ ነው። መዋጮው የሚታሰበው ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በሚደረግ የቴሌኮሙኒኬሽን ገቢ ላይ ሲሆን፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ገቢ በዚህ ውስጥ አይቈጠርም። የስልክ ገቢ ሲመነምን የመዋጮው መጠን በ2000 ከመቶ 6 ያልሞላ የነበረው በ2025 ከመቶ 35 አለፈ። መዋጮው ያለ ሕግ የተጣለ ግብር ነው የሚል ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 2025 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ መርሐ ግብሩን አጽንቶታል። ልጆቹ በመማሪያ ክፍል ለሚጠቀሙበት ኢንተርኔት የሚከፍሉት አሁንም በዋናነት የስልክ ደንበኞች ናቸው።