የስልክ መስመርና የጠፈር ነጋዴዎች፦ «ትሬድ ዋርስ 2002» እና የሚዛኑ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ እንግዳ እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለ ሲራራ ንግድ፣ ስለ ኬላና ስለ ቀረጥ የሚጠና የንግድ ታሪክ ሁላችንም የለመድነው ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ነጋዴው፣ ወደቡና ኬላው ሁሉ በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ስለነበሩበት ንግድ ነው። ጥያቄዬ የኢኮኖሚ ታሪክ ጥያቄ ነው፦ የአንድን ገበያ ሚዛን የሚጠብቀው የተጻፈው ሕግ ነው ወይስ ማንም ሕግ ብሎ ያልጻፈው እጥረት? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በየካቲት 1978 ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ በቺካጎ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥራ አስጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ኮምፒውተር በአንድ ሰው ቤት ተቀምጦ ከስልክ መስመር ጋር በሞደም ይያያዛል፤ ደዋዩ መልእክት ያነባል፣ ይጽፋል፣ ስልኩን ይዘጋል። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች የነበራቸው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚሰማው «መስመሩ ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ነው። በአሜሪካ የከተማ ውስጥ ጥሪ በአብዛኛው በወር ክፍያ የሚሸፈን፣ የሩቅ ጥሪ ግን በደቂቃ የሚቆጠር ስለነበረ፣ የአንድ ሰሌዳ ደንበኞች ብዙውን ጊዜ የአንድ ከተማ ሰዎች ነበሩ። ሲሶፕ የሚባለው የሰሌዳው ባለቤት ለእያንዳንዱ ደዋይ የቀን ደቂቃ ይመድባል።

ቴክኖሎጂው ከእኛም ሩቅ አልነበረም። ሰሌዳዎችን በሌሊት ጥሪ ያያያዘውን የቶም ጄኒንግስን ፊዶኔት በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ለኢሜይል ልውውጥ ተጠቅሞበታል። ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ የላከ ሰው የስልክ መስመር ምን ያህል ውድ ንብረት እንደነበረ አስረጂ አያስፈልገውም።

ሰሌዳው መስመሩን ለጊዜው ለሌላ ፕሮግራም ሲያስረክብ ያ ፕሮግራም «ዶር» ማለትም በር ይባላል። ክሪስ ሸሪክ በ1984 በቲአርኤስ-80 ኮምፒውተር ላይ በቤዚክ ቋንቋ የጻፈው «ትሬድ ዋርስ» እንደዚህ ባለ በር የሚገባበት ጨዋታ ሆነ። ሐሳቡን ያገኘው ዴቭ ካውፍማን በ1974 ከጻፈው «ስታር ትሬደር»፣ «ሀንት ዘ ዋምፐስ» ከሚባለው የዋሻ አደንና «ሪስክ» ከተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ኋላ ብዙ እጆች ገቡበት፤ ከሁሉ የገነነው ግን የጋሪ ማርቲን «ትሬድ ዋርስ 2002» ነው።

የጨዋታው ዓለም በቁጥር የተሰየሙ ቀጠናዎች መረብ ነው፤ በቀደመው ቅርጹ 1,000 ነበሩ። ወደቦች በሦስት ሸቀጦች ይነግዳሉ፦ በነዳጅ ማዕድን፣ በኦርጋኒክ ምርትና በመሣሪያ። እያንዳንዱ ወደብ እያንዳንዱን ሸቀጥ ወይ ይገዛል ወይ ይሸጣል፤ ስለዚህ 8 ዓይነት ወደብ ይኖራል። የነጋዴው ጥበብ አንዱ የሚሸጠውን ሌላው የሚገዛባቸውን ሁለት ጎረቤት ወደቦች ማግኘትና በመካከላቸው መመላለስ ነው። ያተረፈ መርከብ ይቀይራል፣ ፕላኔት ያቋቁማል፣ ተዋጊዎቹን በአንድ ቀጠና አስፍሮ አላፊውን ቀረጥ ያስከፍላል። ይህን ስርዓት መጀመሪያ ሳነብ ኬላን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይገኛል ብዬ ነበር።

ተጫዋቾቹ በአንድ መስመር ሰሌዳ ላይ ፊት ለፊት አይገናኙም። አንዱ ማታ ነግዶ ይወጣል፤ ሌላው ጠዋት ደውሎ የተኛውን ሰው መርከብ ያወድማል። ለጀማሪዎች ከ1 እስከ 10 ያሉት ቀጠናዎች በፌዴሬሽኑ ጥበቃ ሥር ናቸው። ትልቁ የሚዛን መሣሪያ ግን የዕለት እርምጃ ገደብ ነበር። መርከብ ከቀጠና ወደ ቀጠና ሲሄድ፣ በወደብም ሲነግድ ከዕለት ድርሻው ላይ እርምጃ ይቀነስበታል፤ ሲያልቅበት እስከ ማግስቱ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ጀማሪው የሚሰጠው «መርቸንት ክሩዘር» በመነሻ ቅንብሩ ቢበዛ 75 የጭነት ክፍል ይይዛል፤ ከቀጠና ወደ ቀጠና ለመሄድ 3 እርምጃ ይፈጃል። «መርቸንት ፍሬይተር» የሚይዘው 65 ብቻ ነው፤ የሚፈጀው ግን 2 እርምጃ ነው። በወደብ መነገድ 1 እርምጃ ስለሚወስድ፣ ለአንድ ጉዞ ክሩዘሩ 4፣ ፍሬይተሩ 3 ይከፍላሉ። የቀኑ ድርሻ 250 እርምጃ ነው ብንል፣ ክሩዘሩ 62 ጊዜ ተጉዞ 4,650 ጭነት ያደርሳል፤ ፍሬይተሩ 83 ጊዜ ተጉዞ 5,395። ትንሹ መርከብ ትልቁን በለጠ ማለት ነው። የእርምጃውን ገደብ ስናነሣ ግን ፍሬይተሩ የነበረው ብልጫ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ በእያንዳንዱ ጉዞ 75 የሚጭነው ክሩዘር ያሸንፋል። በመርከቦቹ ሰንጠረዥ ላይ አንድም ቁጥር ሳይለወጥ የመርከቦቹ ዋጋ ተገለበጠ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ጨዋታ ታሪክ ቁልፉ ይህ ነው። ገደቡ ለፍትሕ ሲባል ብቻ የተፈለሰፈ አይመስለኝም፤ የመስመሩ እጥረት ልጅ ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢነግድ ሌላው መግባት አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ ውጤቱ ፍትሕ ሆነ። ከሥራ መልስ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው ጎልማሳ፣ የዕረፍት ጊዜው ከማያልቅ ተማሪ ጋር በተቀራራቢ አቅም ይወዳደር ነበር። ፍጹም ፍትሕ ነበር አልልም፤ ለሰሌዳው ወጪ ገንዘብ ላዋጣ ሰው ተጨማሪ ደቂቃ የሚሰጡ ባለቤቶችም ነበሩ።

ሲሶፑ «ቲኢዲት» በተባለው ማስተካከያ የዕለቱን እርምጃና ሌሎች ቅንብሮችን መለወጥ ይችል ስለነበረ፣ የትናንሽ ዓለማት ሕግ አውጪ ሆነ። እርምጃ ቢጨምር ለትጉው ያደላል፤ ቢቀንስ ጀማሪው ይጠበቃል፣ ንግዱ ግን ይቀዘቅዛል። ጥቂቶች ሀብቱን ሁሉ ሲይዙና ሌሎቹ መደወል ሲያቆሙ ደግሞ «ቢግ ባንግ» የሚባለውን ፕሮግራም አስነሥቶ ዓለሙን እንደ አዲስ ይፈጥራል። ዕዳም ሀብትም ይሰረዛል። እንዲህ ያለ ሥልጣን የነበረው ነጋድራስ አላውቅም።

በ1990ዎቹ ውስጥ መጀመሪያ ብዙ መስመር ያላቸው ሰሌዳዎች፣ ከዚያም ኢንተርኔት ይህን ሥርዓት አናጉት። ጆን ፕሪቼት ጨዋታውን በኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲገባበት አድርጎ ወደ ሰርቨር አሻገረው። መስመሩ የማንም ብቸኛ ንብረት መሆኑ ስላበቃ የእርምጃ ገደብ የሌላቸው ውድድሮች ተስፋፉ። ወዲያው «ስዋዝ» እና «ቲደብሊውኤክስ ፕሮክሲ» የመሳሰሉ ረዳት ፕሮግራሞች ነጋዴውን ተክተው መመላለስ ጀመሩ። ሰው አንድ ጉዞ አስቦ እስኪጽፍ ድረስ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። የድሮው ሕግ እንደ ተጻፈ ነው፤ የሚያስከብረው እጥረት ግን ጠፍቷል።

ይህን «ማጭበርበር» ብለው የሚያልፉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ስክሪፕት መጻፍም ሙያ ነው፤ ችግሩ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ነው። ደግሞም ሚዛኑን ለመመለስ የተወሰደውን እርምጃ ተመልከቱ። በኋለኞቹ የሰርቨሩ ቅጂዎች አስተዳዳሪው በመርከብ ጉዞና በጥቃት ላይ ሰው ሠራሽ መዘግየት መጨመር ይችላል፤ የግንኙነቱን ፍጥነት ራሱን ሆን ብሎ መቀነሻ ቅንብርም አለ። ያ ሁሉ ሰው ሊገላገለው ይመኘው የነበረው የሞደም ዝግታ በፕሮግራም ተጽፎ፣ በሚሊሰከንድ ተለክቶ ተመለሰ።

ለዲጂታል ታሪክ ተማሪዎች አንድ የሥራ ጉዳይ ጨምሬ ወደ ውይይቱ እንለፍ። «ትሬድ ዋርስ 2002»ን ዛሬ በኮምፒውተራችሁ ላይ ልታስነሡትና ቅንብሩን ልታነቡት ትችላላችሁ። ፋይሉ ግን ሰሌዳው ስንት መስመር እንደነበረው፣ ባለቤቱ ለደዋይ ስንት ደቂቃ ይሰጥ እንደነበር፣ ማን ከሩቅ ከተማ በደቂቃ እየከፈለ ይደውል እንደነበር አይነግራችሁም። እነዚህን የምታገኙት ባለቤቶቹ ለደዋዮች በጻፏቸው ማስታወቂያዎች፣ በስልክ ክፍያ ደረሰኞችና በሕይወት ባሉት ተጫዋቾች ቃል ውስጥ ነው። ተጫዋቾቹም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ከፊት ረድፍ እንጀምር።