ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት ሲቆም፦ ከጫጫ ገበታ አንጻር

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ልብሱ በየጊዜው ይሰፋበታል፤ ከ12 እስከ 18 ወራት ባለው ጊዜ ግን ሚዛኑ አልወርድ ይላል። ዘመድ «ጨጓራው መልሶ ተለጥጦ ነው» ይላል፤ ባለሙያም አንዳንዴ ጥፋቱን በታካሚው ላይ ይጥላል። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይኖራቸዋል። በአብዛኛው ግን ክብደቱ የሚቆመው ቀዶ ሕክምናው የሚችለውን ያህል ስለ ሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚወስነው የምግቡ መጠን ብቻ ሳይሆን መልኩና ሰዓቱ ጭምር መሆኑን ይህ ጽሑፍ ይሟገታል።

ጫጫ ለዚህ ሙግት ጥሩ መነሻ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልባት፣ ወተት የሚታለብባት የደጋ ከተማ ናት። ቀዶ ሕክምናው የሚሰጠው አዲስ አበባ በሚገኙ ጥቂት የግል ሆስፒታሎች ወይም ውጭ አገር ነው፤ ታካሚው የሚመለሰው ግን የምክር ወረቀቱ ወደማያውቀው ገበታ ነው። የችግሩ ስፋት ገና ጠባብ መሆኑ አይካድም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች በ2000 እ.ኤ.አ. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 8 ደረሱ። በዚያው ዓመት ግን ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ። ጉዳዩ የቅንጦት የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የተሠራውን ሰው ያለ ክትትል ለመተው ግን ምክንያት አይሆንም።

ዛሬ በዓለም በብዛት የሚሠራው «ስሊቭ» የተባለው ቀዶ ሕክምና ነው። ከጨጓራ ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞንም ይቀንሳል። ሰውነት ግን ዝም አይልም። ኬቪን ሆል የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እንዳሰሉት፣ በጠፋው እያንዳንዱ ኪሎ ሰውነት በቀን የሚያወጣው ኃይል ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎት ደግሞ ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። 30 ኪሎ የቀነሰ ሰው ታዲያ ቀድሞ ያወጣው ከነበረው በቀን ከ600 እስከ 900 ካሎሪ ያነሰ ያወጣል ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናው የፍላጎቱን ግፊት ያዳክመዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ገቢና ወጪ የሚገናኙበት ቀን ይመጣል፣ ሚዛኑም ይቆማል። በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የስዊድን ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ባይፓስ የተባለውን ሌላውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተሠሩት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከክብደታቸው ከመቶ 32 ቀንሰው ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ የቀረላቸው ቅናሽ 25 ነው። ጥቂት መመለሱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ግን አልተመለሰም።

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የሚታየው መቆም ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ የወረደው ኪሎ ከፊሉ ከጉበትና ከጡንቻ የወጣ ስኳርና ውሃ ስለሆነ፣ ሰውነት ውሃውን መልሶ ሲይዝ ሚዛኑ ይቆማል፤ በራሱም ይቀጥላል።

አሁን ወደ ገበታው። የጠበበ ጨጓራ ጠጣርን ያቆያል፣ ፈሳሽን ያሳልፋል። የባቄላ ንፍሮ ወይም አይብ በጥቂቱ ያጠግባል። በሶ ግን በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ ሲጠጣ ጨጓራው እንዳለ እንኳ ሳይሰማው ያልፋል። ያው ገብስ ቆሎ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ያመጣል፤ ከኪስ እየተዘገነ ቀኑን ሙሉ ስለሚቆረጠም ማንም ምግብ ብሎ አይቆጥረውም። በደጋው ብርድ ላይ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ፣ ማታ ደግሞ አረቄ ይታከላል። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ባይፓስ የተሠራ ሰው ደግሞ ቶሎ ይሰክራል። «ምንም አልበላም፣ ግን አልቀንስም» የሚል ታካሚ ብዙ ጊዜ አይዋሽም፤ የጠጣውንና የቆረጠመውን አልቆጠረም እንጂ።

ጾሙ ከበድ ያለ ስሌት ይጠይቃል። ለእነዚህ ታካሚዎች በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። መቶ ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ስላለው፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከምስር ብቻ ይህን ለማግኘት በቀን ከ650 ግራም በላይ መብላት ያስፈልጋል። በስሊቭ የተረፈው ጨጓራ መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾሞ በአንድ ማዕድ ይህን መሙላት አይቻልም። ፕሮቲን ሲጎድል ጡንቻ ይከሳል፣ ጡንቻ ሲከሳ የኃይል ወጪው ይብስ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት፤ ስለዚህ የአመጋገብ ምክሩ ከንስሐ አባት ጋር ከሚደረግ ንግግር ተነጥሎ ባይሰጥ ይሻላል። ሰዓቱ ብቻ ቢላላ እንኳ ያንኑ የጾም ምግብ አምስት ጊዜ ከፋፍሎ መብላት ይቻላል።

የቤተሰብም ጫና አለ። የከሳ ሰው የታመመ ይመስላል፤ እናት «አፈር ስሆን» ብላ ጉርሻ ስታቀርብ እምቢ ማለት ያስቸግራል። በጋራ መሶብ ላይ ደግሞ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም። ድርሻን አስቀድሞ በትንሽ ሳህን ማውጣት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፣ ግን ከገበታው የመገለል ስሜት ስለሚፈጥር ለቤተሰቡ ቀድሞ መነገር አለበት።

ክብደቱ ቆሟል ብሎ የመጣን ሰው ምግብ ይበልጥ ቀንስ ማለት ከሁሉ የከፋ ምክር ነው። የንጥረ ነገር ጉድለትን ያባብሳልና፤ ማስታወክ ካለበት የቫይታሚን ቢ1 እጥረት በሳምንታት ውስጥ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ቢ12 ደግሞ በጉበት ተከማችቶ ስለሚቆይ ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ያም ሚዛኑ ከቆመና ታካሚው አዲስ አበባ መመላለሱን ከተወ በኋላ ነው፤ የእንስሳት ተዋጽኦ በማይበላበት ወቅት ደግሞ ይፋጠናል። ጫጫ ላለ ታካሚ ዓመታዊው የደም ምርመራ ቅርብ በሆነው ደብረ ብርሃን ሊታዘዝ ቢችል ከሁለተኛ ቀዶ ሕክምና በፊት ሊደረግ የሚገባው አብዛኛው ነገር በተሠራ ነበር።